ካሣ ምጽዋት አይደለም

በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳትና ስለ ተጎጂ ሠራተኞች መብት



የሚያዝያ ወር የሰው ልጅ በላቡ ስለሚበላው እንጀራ እንድናስብ የሚጋብዝ ወር ነው። በ23ኛው ቀን የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል ስናከብር፣ በዚያው ዕለት የዓለም የሠራተኞች ቀን ይውላል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1955 ይህንኑ ቀን የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል እንዲሆን ደንግገዋል። ከዚህ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 20፣ በሥራ ገበታቸው ላይ ሳሉ የሞቱትና የቆሰሉት በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡበት የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ቀን ነው። እነዚህ ቀኖች ተከታትለው ሲመጡ፣ ሥራን እያወደስን ሥራ የጣለውን ሰው እንዳንረሳ ያስገነዝቡናል።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አንድ የመንዝ ቤተሰብ፣ ስለ ራሳችንም በደል፣ ከዚያም ሕገ እግዚአብሔርና የሀገራችን ሕግ ስለ ተጎጂ ሠራተኛ ምን እንደሚሉ ልንነግራችሁ ወደድን።

የአንዲት እናት ምስጋናና ጥያቄ

በከተማ በሚገኘው ቁምስናችን አጠገብ ይኖር የነበረ አንድ የመንዝ ልጅ፣ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡ እንደ ተጎዳና ወደ ወላጆቹ እንደ ተመለሰ ሰማን። ልንጠይቀውም ተነሣን። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ሄደን፣ ከዚያም በእግር ተጉዘን፣ በድንጋይ ከተሠራው የአባቱ ቤት ደረስን። ልጁ በመደቡ ላይ ባና ለብሶ ተኝቶ ነበር። እሳቱ ይነዳል፤ ውጭው ብርድ ነው። የቤቱ አንድ በሬ ለሕክምና ተሽጧል፤ እርሱ በሚልከው ገንዘብ ትማር የነበረችው ታናሽ እኅቱም ትምህርቷን አቋርጣ እርሱን ታስታምማለች።

አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ ጠየቅነው። በዚያን ዕለት ጠዋት ከመወጣጫው ባሕር ዛፎች አንዱ መሰንጠቁን ሠራተኞቹ ለፎርማኑ አሳይተውት ነበር። «ለዛሬ ብቻ ውጡበት፤ ነገ ይቀየራል» አላቸው። ወጡበት። እንጨቱም እስከ ነገ አልቆየም።

በመጀመሪያው ቀን አሠሪዎቹ ሐኪም ቤት አድርሰውታል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ገንዘብ ሰጥተው፣ ያላነበበውን ወረቀት አስፈርመው ወደ ሀገሩ ሸኝተውታል። እናቱ ይህንን ሲነግሩን እንዲህ አሉን፦ «እግዜር ይስጣቸው አባቴ፣ የመሳፈሪያና የመድኃኒት መግዣ ሰጥተው ነው የላኩልኝ። ግን እኛ ምን በድለን ነው ይህ የመጣብን?»

በዚያች ሰዓት የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ስንመለስ ግን በእናቲቱ ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች እንዳሉ አስተዋልን፤ አንዱ ምስጋና ነው፣ ሌላው ጥያቄ። ምስጋናቸው ለማይገባው ቀርቧል፤ ጥያቄያቸውም መቅረብ የነበረበት ለሌሎች ነው። ይህንን በየተራ እንመልከት።

በደሉ የማን ነው?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱ ዐሥራ ስምንት ሰዎች ይናገራል። ሰዎቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ በግንቡ ሥር ለምን እንደ ተገኙ ወንጌላዊው አልጻፈልንም። ሕዝቡ ግን የሟቾቹን ኃጢአት ለመመርመር እንደ ተዘጋጀ ጌታ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናገረ። ከዚያም ንስሐ እንዲገቡ አስጠነቀቀ። ይህን ማስጠንቀቂያ የሰሙት እነማን እንደ ሆኑ እናስተውል፤ በሕይወት ያሉትና ቆመው የሚያዳምጡት ናቸው እንጂ ከግንቡ በታች የቀሩት አይደሉም።

በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ሰው ከመወጣጫ ሲወድቅ፣ ጣቱን መኪና ሲቆርጠው፣ ጉድጓድ ሲደረመስበት፣ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «ዕጣው ነው»፣ «የእግዜር ቁጣ ነው» እንላለን። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ ምንም አይሆንም የሚለውን እምነታችንንም የሚገልጥ ይመስላል። ነገር ግን የተሰነጠቀውን ባሕር ዛፍ እያዩ «ለዛሬ ብቻ» ያሉ ሰዎች ናቸው። አዲስ እንጨት ለመግዛት የሚወጣውን ገንዘብና የሚባክነውን ግማሽ ቀን ከአንድ ሰው ወገብ ጋር በሚዛን አስቀምጠው የገመቱ ሰዎች ናቸው። እኛ ያጠፋነውን በእግዚአብሔር ላይ መጫን እምነት አይባልም፤ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።

ስለዚህ ለዚያች እናት የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ እናታችን ሆይ፣ እርስዎም ልጅዎም አልበደላችሁም። ጥያቄው መነሣት ያለበት መወጣጫውን ባስቆሙት፣ በተቈጣጠሩትና ሕንፃው አልቆ ጥቅሙን በሚያገኙት ዘንድ ነው።

ምስጋናው ስለ ምንድር ነው?

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስሉን አጥቦ፣ በእንስሳው ጭኖ፣ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ ብሏል፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። ይህ ፍጹም የሆነ ፍቅር ነው። ምክንያቱም ሳምራዊው ያንን ሰው አላቈሰለውም፤ ወደዚያ መንገድም አልላከውም፤ ከጉዞውም ያተረፈው ነገር አልነበረም። ባዕድ ሆኖ ሳለ ባልንጀራ ሆነ።

አሠሪ ግን ለሠራተኛው ባዕድ አይደለም። ወደ መወጣጫው ያወጣው እርሱ ነው፤ ከድካሙም የሚጠቀመው እርሱ ነው። ስለዚህ ሲያሳክመው ሳምራዊ አይሆንም፤ ዕዳውን ይከፍላል እንጂ። ዕዳን ከፍሎ እንደ ቸር መመስገን ደግሞ የድኻውን መብት ወስዶ በምጽዋት መልክ እንደ መመለስ ነው። ሠራተኛው እጅ ነሥቶ ይቀበላል፤ አሠሪው ሲሻ ይሰጣል፣ ሲሰለች ያቆማል። ምጽዋት በሰጪው ፈቃድ ይለካል፤ ካሣ ግን በደረሰው ጉዳት ይለካል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ይህን የምንናገረው ከበደል ነጻ እንደ ሆንን አድርገን አይደለም። ከዓመታት በፊት ከቁምስናዎቻችን በአንዱ የድንጋይ አጥር ስናሠራ፣ ድንጋይ የሚጠርብልን አንድ ሰው ነበር። የዓይን መከላከያ መነጽር አልሰጠነውም፤ መስጠት እንዳለብንም አላሰብንም። አንድ ቀን የድንጋይ ፍንጣሪ ዓይኑን መታው። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ዓይኑ ግን ጠፋ። እኛም በበዓል ሰሞን ዱቄትና ልብስ ሰጠነው፤ ልባችንም ዐረፈ። እርሱ እጃችንን ስሞ ሄደ። በዚያው ወር ስለ ልግስና ሰበክን።

ዛሬ ያንን መሳም ስናስበው እናፍራለን። ዓይኑን ያጣው የእግዚአብሔርን ቤት አጥር ሲሠራ ነበር፤ እኛ ግን ባለመብቱን ሰው ለማኝ አድርገን አሰናበትነው። ዘግይተንም ቢሆን ፈልገን አግኝተነው ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ የሚገባውንም መክፈል ጀምረናል። ዓይኑን ግን ልንመልስለት አልቻልንም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ አስቀድሞ ለእኛው የተጻፈ ነው።

በመጽሐፍ ያለው ሕግ

የሥራ ደኅንነት የዘመናችን የፋብሪካ ሕግ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግለት ያዛል፤ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በባለቤቱ ቤት ላይ ይሆናል። እስራኤል ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ስለ ነበር እንደ መኝታና እንደ ሥራ ቦታ ይገለገሉበት ነበር። እንግዲህ ሕጉ «ወደ ጣሪያ የሚወጣ ይጠንቀቅ» ብሎ አላቆመም፤ መከታውን የመሥራት ግዴታ በባለቤቱ ላይ አደረገ። መከታው የሚሠራውም ሰው ከመውደቁ በፊት ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ሌሎች ሁለት ሥርዓቶች እናገኛለን። ሰው ሰውን መትቶ አልጋ ላይ ቢጥለው፣ የመታው ሰው ተጎጂው ሥራ ፈትቶ ለቆየበት ጊዜ ይክፈል፣ ፈጽሞ እስኪድንም ያሳክመው ይላል። ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰውም በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ዋጋውን ይክፈል። ጉድጓዱን የቈፈረው ሰው በሬውን ለመግደል አላሰበም፤ ሆኖም አልከደነምና ይከፍላል። ለበሬ ይህ ከታዘዘ፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረው ሰውማ ምን ያህል ይበልጥ!

ቤተ ክርስቲያንም ይህንን ትምህርት ከዘመኑ ሁኔታ ጋር እያገናዘበች ስታስተምር ቆይታለች። ር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሠራተኛ እንደ ዕቃ የሚቈጠርበትን አሠራር አውግዘዋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ በወጣትነታቸው፣ ሀገራቸው ፖላንድ በናዚዎች ተይዛ በነበረበት ዘመን፣ በድንጋይ ካባና በኬሚካል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ የድንጋይን ሥራ በእጃቸው ያውቁታል። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1981 «ላቦሬም ኤክሴርቼንስ» በተባለው መልእክታቸው፣ ጤናን የማይጎዳ የሥራ ቦታ፣ አደጋ ሲደርስ ሕክምናና ዋስትና የሠራተኛው መብቶች መሆናቸውን አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ቅዱስ አባታችን ሊዮን 14ኛም ስማቸውን ሲመርጡ በተለይ ሊዮን 13ኛንና ያንን መልእክት እንዳሰቡ ተናግረዋል።

በሀገራችን ያለው ሕግ

የመንዝ ሰው ስለ ርስቱ እንዴት እንደሚሟገት ሁላችን እናውቃለን። ጎረቤት ድንበር ገፍቶ አንድ ጋት መሬት ቢወስድ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ክርክሩ ከዳኛ ዳኛ ይሄዳል፤ አባት ሲሞት ልጅ ይወርሰዋል። ነገር ግን ያው ለአንድ ጋት መሬት ዓመታት የሚሟገት ሰው፣ ልጁ ከተማ ሄዶ እጁን አጥቶ ሲመለስ አንድ ቀን እንኳ ከዳኛ ፊት አይቆምም። እጅ ግን ርስት ነው። ለድኻ ልጅ ከእጁ በቀር ሌላ ርስት የለውም። ስለዚህ የሀገራችን ሕግ የሚለውን በአጭሩ ማስታወቅ ከስብከት ሥራችን ውጭ ነው ብለን አናምንም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ዝርዝሩን ይሰጣል።

አንደኛ፤ አሠሪ ስለ ሥራው አደገኛነት ሠራተኛውን ማሳወቅና ማሠልጠን፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ መስጠት፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ቢጎዳ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ራሱን መቈጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ከሠራ ግን አሠሪው አይጠየቅም። ስለዚህ ሠራተኛም መነጽሩን ኪሱ ከትቶ፣ ቀበቶውን መሬት ጥሎ የሚወጣ ከሆነ በራሱም በልጆቹም ላይ ይበድላል።

ሦስተኛ፤ የሕክምናው፣ የመድኃኒቱ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ታሞ በተኛበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለሚከተሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

አራተኛ፤ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነና የጡረታ ዋስትና ሽፋን ከሌለው፣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይታሰብለታል። ቢሞትም የቀብሩ ማስፈጸሚያና ለጥገኞቹ የሚከፈል ካሣ አለ።

አምስተኛ፤ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ባለመደረጉ ብቻ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድም የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። «ውል የለህም»፣ «የቀን ሠራተኛ ነህ» የሚለው ማስፈራሪያ እውነት የሚመስለው ሕጉን ለማያውቅ ሰው ነው።

ሆኖም ሕጉ ለጥያቄ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ አለው። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉና፣ የሐኪም ማስረጃው ሳይጠፋ፣ የሥራ ባልደረቦቹም ሳይበተኑ መጀመር ይገባል። ያንን የመንዝ ወጣት ለሕግ ዐዋቂ አገናኝተነዋል፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው። በመደቡ ላይ ተኝቶ ያለፉት ወራት ግን ብዙ ናቸው።

ሕግ የማያያቸው

እስካሁን የተናገርነው አሠሪ ላለው ሠራተኛ ነው። አሠሪ የሌለውስ? በዚያው በመንዝ ደጋ ሌላ የሥራ ዓይነት አለ። በመዘዞና በመንዝ ግሼ አካባቢ በገደሉ ወገብ ላይ ከሚገኘው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ኦፓል ይወጣል። ይህ የከበረ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ወደ ዓለም ገበያ ወጥቷል። ቡናማው ዓይነት በተለይ ታውቋል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ በወገል ጤና ሌላ ኦፓል ሲገኝ፣ የኢትዮጵያ ኦፓል ስሙ በዓለም ዙሪያ ተሰማ።

ድንጋዩን የሚያወጡት ወጣቶች በዶማና በመዶሻ ገደሉን ወደ ውስጥ እየሰረሰሩ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት የለም። ዝናብ ያራሰው አፈር በላያቸው ይንጠለጠላል፤ ከበታቻቸው ገደል አለ፤ የድንጋዩ ብናኝም ቀስ በቀስ ሳንባን ያቈስላል። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ የኦፓል ጉድጓድ ተደርምሶ ሃያ የሚሆኑ ቈፋሪዎች ለቀናት በውስጡ ታግተው እንደ ነበር በመላው ዓለም ተሰምቷል።

እነዚህ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ወይም በየግላቸው የሚቈፍሩ እንጂ የተቀጠሩ አይደሉም። ነጋዴው ድንጋዩን ይገዛል እንጂ ቈፋሪውን አልቀጠረም። የመዘዞ ኦፓል ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ድንጋዩን በብርሃን አገላብጦ ይመረምረዋል፤ ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ወጣና ጉድጓዱ እንዴት እንደ ቆመ ግን አይጠይቅም። ጉድጓዱ ሲደረመስ የሚከሰስ አሠሪ የለም፣ የሚታሰብ የዓመት ደመወዝም የለም። የሚቀረው የእናት ልቅሶና የእድር ድንኳን ነው።

በሰው ቤት የምታገለግለውም የገጠር ልጅ ከዚሁ ወገን ናት። ከመንዝም ከመርሐቤቴም በልጅነቷ ወደ ከተማ የወረደችው የቤት ሠራተኛ በፈላ ውኃ ብትቃጠል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እርሷን አይሸፍንም። ካሣዋ በአሠሪዋ ሕሊና ላይ ተጥሏል። ብዙዎቻችን ደግሞ የእንዲህ ያለች ልጅ አሠሪዎች ነን።

እንግዲህ ሕግ ያላየውን ሰው እግዚአብሔር አያየውም ማለት ነውን? የያዕቆብ መልእክት የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸታቸው ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይነግረናል። ከሰው ድካም የተጠቀመ ሁሉ፣ ወረቀት ኖረም አልኖረም፣ ለዚያ ሰው አካል በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ነጋዴውም፣ ድንጋዩን በቀለበት የሚያደርገውም፣ በተሠራው ሕንፃ የሚቀመጠውም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ምን እናድርግ?

የመንዝ ሕዝብ ለብዙ ዘመናት የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና የከብት መኖ ነው። ሁሉም በፈቀደው ጊዜ ቢያጭደው ያልቅ ነበርና፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት በጋራ ተወሰነ፤ ያፈረሰም ተቀጣ። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ምክንያት ቢቋረጥም፣ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል። ለሣር ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ ለልጆቹ ሕይወት ሥርዓት ማበጀት አያቅተውም። ከከባድ ዝናብ በኋላ አፈሩ እስኪጸና ጉድጓዱ ይዘጋ፤ ያለ ድጋፍ እንጨት አይገባ፤ ብቻውን ማንም አይቈፍር፤ ሕፃን ወደ ጉድጓድ አይላክ፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ለተጎዳ ቈፋሪና ለቤተሰቡ የሚሆን ጥቂት ይቀመጥ። ይህንን ማኅበራቱ በሽማግሌዎች ፊት ቢወስኑ የሚጠብቁት ከሩቅ የሚመጣ ሕግ አይኖርም። በደቦ ሥራ ላይ የወደቀውን ጎረቤት እርሻውን አርሰው አዝመራውን የሚሰበስቡለት ወገኖቻችን ይህንን መንፈስ ያውቁታል።

አሠሪዎች ሆይ፤ በየሥራ ቦታችሁ «ለዛሬ ብቻ» የሚለው ቃል እንዳይነገር ከልክሉ። መከታው ከሥራው በፊት ይሠራ። በለሚ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀውን የሲሚንቶ ፋብሪካ የመሰሉ ታላላቅ ሥራዎች ወደ ሰሜን ሸዋ እየመጡ ነውና፣ ከመርሐቤቴም ከመንዝም ብዙ ወጣቶች ወደ ብናኝና ወደ መኪና ሥራ ይገባሉ። የአፍ መሸፈኛ፣ የራስ ቁርና የደኅንነት ቀበቶ ከወጪ የሚቀነሱ ነገሮች አይደሉም።

ሠራተኞች ሆይ፤ የተሰጣችሁን መከላከያ ልበሱ፤ የተሰነጠቀውን እንጨት ስታዩ በአንድነት «አንወጣም» በሉ። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የሚያነብላችሁን ሰው ጥሩ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ወደ ከተማ ሲሄዱ ስንቅ እንደምትቋጥሩላቸው ሁሉ ይህንንም እውቀት ስንቅ አድርጉላቸው። ተጎድተው ሲመለሱም «ምን በድለን ነው» አትበሉ፤ ማስረጃቸውን ይዛችሁ የሥራ ጉዳይ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

እኛም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ስናሠራ አስቀድመን የሠራተኛውን መከታ እንሥራ። ደሙ በላዩ ያለበት ሕንፃ በዕጣንና በጸበል አይነጻም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ጌታችን በሰንበት ቀን ወደ ምኵራብ ሲገባ እጁ የሰለለች ሰው አገኘ። ያ ሰው በአንድ ጥግ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ ለምዶት ነበር። ጌታ ግን ከጥጉ ጠርቶ በመካከል አቆመው፤ ከዚያም ቆመው የሚመለከቱትን ጠየቃቸው፤ እነርሱ ግን ዝም አሉ። ስለ ዝምታቸውና ስለ ልባቸው ድንዳኔ ዐዘነ። እጁንም መለሰለት። እኛ የደረቀን እጅ የመመለስ ሥልጣን አልተሰጠንም። ሰውየውን ከጥጉ ጠርቶ በመካከል ማቆም ግን እንችላለን፤ ዝም አለማለትም እንችላለን።

እንጸልይ፦ በናዝሬት በዮሴፍ ቤት በእጅህ የሠራህ ጌታ ሆይ፤ በመስቀል ላይ የተቸነከሩ እጆችህን እያየን፣ በሥራ የቈሰሉትን እጆች እንዳንረሳ አድርገን። በጉድጓድ የቀሩትን በመንግሥትህ ተቀበላቸው፤ በመደብ ላይ የተኙትን አበርታቸው፤ የሚያስታምሟቸውን እናቶችና እኅቶች አጽናናቸው። ለአሠሪዎች ፍርሃትህን፣ ለዳኞች ቅን ፍርድን፣ ለእኛም ዕዳችንን ምጽዋት ብለን እንዳንጠራው እውነተኛ ልቡና ስጠን። አሜን።